ሁለቱ ስዊድናውያን በልደታ ችሎት

ልደታ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ሕንፃ ኮሌጅ» ብሎ የሚጠራው ግቢ አለ። አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ሲቋቋም ግን የኢትዮጵያና የስዊድን የጋራ ተቋም ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ ስዊድናውያን መምህራን መጥተው የኢትዮጵያን ወጣቶች የግንባታ ሙያ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ከዚህ ግቢ በእግር በሚደረስበት ርቀት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ይገኛል። በ2004 ዓ.ም. ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች በሽብር ወንጀል ተከሰው ዳኛ ፊት የቆሙት በዚህ ፍርድ ቤት ነው።

የስዊድን መንግሥት ዜጎቹን ለማስፈታት ከአንድ ዓመት በላይ ደክሟል፤ ተሳክቶለታልም። የተሳካለት ግን በጩኸት አልነበረም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ክፍት ባደረገው በር ጎንበስ ብሎ በመግባት ነው። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ መተረክ የሚገባው ለስዊድናውያኑ ሲባል ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ሕግ ተከሰው የተፈረደባቸው የኛ ጋዜጠኞች ስለ እነርሱ ደጅ የሚጠና አምባሳደር አልነበራቸውም።

የሁለቱ አገሮች ትውውቅ ረጅም ነው። የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት ገና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ ነበር። ጣልያን በወረረን ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ከሠራዊታችን ጋር ወደ ደቡብ ዘምቶ፣ በታኅሣሥ 1928 መልካ ዲዳ ላይ በፋሺስት አውሮፕላኖች ተደብድቧል። በዚያው ጦርነት ቁስለኛ ያመላለሰው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ደብረ ዘይት ላይ አደራጀ። በጭላሎ አውራጃ ለአርሶ አደሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስተዋወቀው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክትም የስዊድን እርዳታ ፍሬ ነው። ፎን ሮዘን የሞተው ኦጋዴን ውስጥ ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ፣ ለተራበ ሕዝብ እህል በማድረስ ሥራ ላይ ሳለ፣ የሶማልያ ወረራ ደርሶበት ተገደለ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ሁለት መንግሥታት በዚያው በኦጋዴን ምክንያት ይጣላሉ ብሎ የገመተ አልነበረም።

ኦጋዴን ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለጋዜጠኛ የተዘጋ ምድር ሆኖ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች አቦሌ በተባለ ቦታ ቻይናውያን የሚመሩትን የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር አጥቅተው 9 ቻይናውያንንና 65 ኢትዮጵያውያንን ገደሉ። መንግሥትም በአካባቢው ከባድ ወታደራዊ ዘመቻ ከፈተ። የውጭ እርዳታ ድርጅቶች እንደ ልብ መንቀሳቀስ አቃታቸው፤ ስለ ተቃጠሉ መንደሮችና ስለ ተሰደዱ ሰዎች ይወራል፤ ሄዶ አይቶ የሚያረጋግጥ ግን የለም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኒውዮርክ ታይምሱ ጄፍሪ ጌትልማንና ሁለት ባልደረቦቹ እዚያ ተይዘው ነበር፤ አምስት ቀን ታስረው ተለቀቁ። የውጭ ጋዜጠኞች ከዚህ የተማሩት ትምህርት፣ ቢያዙ የሚከተለው ጥቂት የሥጋት ቀናትና ከአገር መባረር ብቻ እንደሆነ ነው።

ትምህርቱ ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። በ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። አዋጁ ለአሸባሪ ድርጅት ድጋፍ መስጠትን በሰፊው ተርጉሞ በረጅም ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በሰኔ 2003 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አምስት ድርጅቶችን በአሸባሪነት ፈረጀ፤ የኦጋዴን ነጻ አውጪ ግንባር አንዱ ነበር። ከዚያች ውሳኔ በኋላ ከግንባሩ ታጣቂዎች ጋር የተገኘ የውጭ ሰው በኢሚግሬሽን ሕግ ብቻ የሚጠየቅበት ዘመን አብቅቷል።

ዘጋቢው ማርቲን ሺብዬና የፎቶግራፍ ባለሙያው ዮሃን ፐርሰን ድንበሩን ያቋረጡት በዚያው ሰኔ ወር ነው። ኮንቲነንት ከተባለ የስዊድን የዜና ድርጅት ጋር ይሠሩ ነበር። ሊያጣሩት የተነሡት ጉዳይ ነዳጅ ነው። ሉንዲን ፔትሮሊየም የተባለ የስዊድን ኩባንያ በኦጋዴን የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ነበረው፤ በ2001 አካባቢ ይዞታውን አፍሪካ ኦይል ለተባለ ኩባንያ አስተላልፏል። ጋዜጠኞቹ ነዳጅ በሚፈለግበት ምድር የሚኖረው ሕዝብ ምን እየደረሰበት እንደሆነ በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ። በሕጋዊ መንገድ መግባት ስለማይቻል ከሶማልያ በኩል፣ በግንባሩ ታጣቂዎች እየተመሩ ገቡ።

ሰኔ 24 ቀን 2003 የመንግሥት ኃይሎች ደረሱባቸው። ተኩስ ተከፈተ፤ ሁለቱም በጥይት ቆሰሉ፤ ተያዙ። ከተፈቱ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ፣ በተያዙባቸው የመጀመሪያ ቀናት በረሃ ውስጥ ሊረሸኑ እንደሆነ እንዲያምኑ መደረጋቸውን መስክረዋል። በጂጂጋ በኩል አዲስ አበባ ደረሱ፤ ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት ገቡ።

ስቶክሆልም ላይ ዜናው ሲሰማ ጉዳዩ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በካርል ቢልት ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ቢልት በስዊድን ታዋቂ ሰው ናቸው፤ በ1980ዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በባልካን ጦርነት በሸምጋይነት ሠርተዋል። ነገር ግን በ1999 መባቻ ሚኒስትር እስኪሆኑ ድረስ የዚያው የሉንዲን ፔትሮሊየም የቦርድ አባል ነበሩ። ስለዚህ የሚመሩት ድርድር ገና ከመጀመሪያው ጥላ አጠላበት። ለዜጎቻቸው ሲሉ ዝም አሉ ወይስ ለራሳቸው ሲሉ? የስዊድን ጋዜጦችና የተቃዋሚ ፖለቲከኞች ይህን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሲያነሡት ከረሙ። እኔ በበኩሌ የዝምታው ዋነኛ ምንጭ ሌላ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1999 ክረምት የኢትዮጵያ መንግሥት ከዘጠኙ የኖርዌይ ዲፕሎማቶች ስድስቱን ከአገር እንዲወጡ አድርጎ ነበር። ኖርዌይ የስዊድን ጎረቤት ናት። አዲስ አበባ በአውሮፓውያን ወቀሳ የማትደናገጥ መሆኗን ስቶክሆልም በቅርብ ርቀት አይታለች።

ስዊድናውያን ሌላም ቁስል ነበራቸው። ዳዊት ይስሐቅ ኤርትራዊም ስዊድናዊም ነው፤ በአሥመራ ይታተም የነበረው የሰቲት ጋዜጣ ባልደረባ። መስከረም 13 ቀን 1994 ከተያዘ በኋላ ክስ አልተመሠረተበትም፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ስዊድን ለእርሱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለዓመታት ለመነች። ኅዳር 10 ቀን 1998 ተለቀቀ ተባለ፤ ስዊድን ደስታዋን ገልጻ ሳትጨርስ ከሁለት ቀን በኋላ የኤርትራ መንግሥት መልሶ አሠረው። ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ በ2001 ለስዊድን ቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰውዬውን ለፍርድ የማቅረብም የመልቀቅም ሐሳብ እንደሌላቸው በግልጽ አስታወቁ። በዝምታ ዲፕሎማሲ ላይ የስዊድን ሕዝብ እምነት ያጣው በዚህ ነው። ቢልት በኢትዮጵያ ጉዳይ ያንኑ መንገድ ሲመርጡ ብዙዎች ሌላ ዳዊት ልታመጡብን ነው ብለው ጮኹ።

በአሥመራና በአዲስ አበባ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ክስ አለ፣ ችሎት አለ፣ የቀጠሮ ቀን አለ። ፍርዱ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ ግን መዝገብ ይከፍታል፣ መዝገብ ይዘጋል። መዝገብ ካለ ደግሞ ዲፕሎማት የሚጠብቀው፣ የሚቆጥረውና የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ክሱ የተመሠረተው በጳጉሜን 2003 ነው። አሸባሪ ከተባለ ድርጅት ጋር በሽብር ተግባር መሳተፍ፣ ድርጅቱን መደገፍ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ጥሶ መግባት። ሁለት ኢትዮጵያውያንም በዚያው መዝገብ አብረው ተከሰሱ። ስዊድናውያኑ ያለ ፈቃድ መግባታቸውን ወዲያው አመኑ፤ ሽብሩን ካዱ። ለዮሃን ፐርሰን የቆሙት ጠበቃ አቶ አበበ ባልቻ ናቸው፤ ሕዝቡ በ«ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ አስናቀን ሆነው በመተወን የሚያውቃቸው። የማርቲን ሺብዬ ጠበቃ አቶ ስለሺ ከጸላ ነበሩ።

ችሎቱ ከመከፈቱ ጥቂት ቀናት በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለጉባኤ ኦስሎ ሄደው ነበር። እዚያ ለአፍተንፖስተን ጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ ሁለቱ ሰዎች ጋዜጠኞች አለመሆናቸውን፣ ቢያንስ የአሸባሪ ድርጅት መልእክተኞች መሆናቸውን ተናገሩ። ዳኛ ገና ምስክር ሳይሰማ የመንግሥት መሪ ፍርዱን ሰጠ ማለት ነው። ሕገ መንግሥታችን ማንም ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ለስዊድን ዲፕሎማቶች ግን ንግግሩ ሌላ ነገር ነገራቸው። የጉዳዩ ባለቤት ማን እንደሆነ አወቁ። ልደታ ላይ የሚሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ የመጨረሻው ቃል የሚወጣው ከአራት ኪሎ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነው።

ጥቅምት 7 ቀን 2004 ችሎቱ ተጀመረ። ያን ጊዜ ልደታ ራሷ በመፍረስና በመሠራት ላይ ነበረች። አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ተነሥተው ነባሩ ነዋሪ ተበትኗል፤ በቦታው ኮንዶሚኒየም እየቆመ ነው። በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የኤምባሲ ሰዎች፣ የውጭ ዜና ወኪሎች፣ ከሩቅ የመጡ የእስረኛ ቤተሰቦች ይጋፋሉ። የስዊድኑ አምባሳደር የንስ ኦድላንደር ችሎቱን ይከታተላሉ፤ ቃሊቲ እስር ቤት ሄደው እስረኞቹን ይጠይቃሉ። የዲፕሎማሲ ታሪክ ሲጻፍ ሚኒስትሮች የተለዋወጡት ደብዳቤ ይጎላል፤ የቆንስላ ሥራ እውነተኛ ድካም ግን ያለው እዚህ ነው። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር መገኘት፣ መድኃኒትና መጽሐፍ ማድረስ፣ ለቤተሰብ ቪዛ ማስጨረስ፣ ለታሳሪው መንግሥትህ አልረሳህም ብሎ ፊት ለፊት መንገር። ይህ የሚታይ ውጤት የለውም፤ ታሳሪን ግን በሕይወት ያቆያል።

ጥቅምት 23 ቀን ችሎቱ ብይን ሰጠ። በሽብር ተግባር መሳተፍ የሚለው ክስ ውድቅ ሆነ፤ በተቀሩት ሁለት ክሶች ግን ተከላከሉ ተባሉ። በስቶክሆልም ትንሽ ተስፋ አንሰራራ። ተስፋው ብዙ አልቆየም። በኅዳር ወር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አኬልዳማ» የተባለውን ስለ ሽብር የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በተከታታይ አሳየ፤ በሽብር የተጠረጠሩ ሰዎች ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ሳለ በየቤቱ ሳሎን ተፈረደባቸው። የአገሩ አየር እንዲህ ባለበት ወቅት ነው ስዊድናውያኑ መከላከያቸውን ያሰሙት።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2004 ዳኛ ሸምሱ ሲርጋጋ ፍርዱን አነበቡ። ጥፋተኛ። ዳኛው ሁለቱ ሰዎች በሙያቸው የተከበሩ ጋዜጠኞች ስለመሆናቸው ማስረጃ መቅረቡን ተቀብለዋል፤ ነገር ግን መልካም ስም ያለው ሰው ወንጀል አይሠራም ማለት አይቻልም አሉ። ዐቃቤ ሕግ 18 ዓመት ከ6 ወር እንዲፈረድባቸው ጠየቀ። ታኅሣሥ 17 ቀን በ11 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጡ ተወሰነ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ፍሬድሪክ ራይንፌልት ሰዎቹ በጋዜጠኝነት ሥራ ላይ እንደነበሩና በተቻለ ፍጥነት ሊፈቱ እንደሚገባ ተናገሩ። የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ ሥጋታቸውን ገለጹ። አዲስ አበባ አልተነቃነቀችም። እዚህ ላይ ስዊድን በእጇ የነበረውን ማየት ይገባል። በብዙ ዓመታት የተከማቸ ወዳጅነት አላት፤ ግን ወዳጅነት ሕግ አይሽርም። እርዳታ ትሰጣለች፤ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት በእነዚያ ዓመታት ከቻይናም ከሌላውም ገንዘብ ያገኝ ስለነበር እርዳታ ማቆም ሁለቱን እስረኞች ከመጉዳት በቀር ፋይዳ አልነበረውም። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ሶማልያ ውስጥ ከአልሸባብ ጋር ከሚዋጉት ሠራዊቶች አንዱ የኢትዮጵያ ነበር፤ ምዕራባውያን በዚህ ምክንያት ጠንክረው መናገር አይፈልጉም ነበር።

የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ይግባኝ ወይም ይቅርታ። ይግባኝ ማለት አልበደልኩም ብሎ ለዓመታት መከራከር ነው። ይቅርታ ማለት በድያለሁ ብሎ ምሕረት መለመን ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል፤ አፈጻጸሙን በዚያን ጊዜ ይወስን የነበረው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 395/1996 ነበር፤ ማመልከቻውን የይቅርታ ቦርድ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። በተግባር የይቅርታ ደብዳቤ ያለ ጸጸት ቃል አያልፍም።

ይህ መንገድ ከዚያ በፊት ተሄዶበታል። ከ1997 ምርጫ በኋላ የታሠሩት የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ በተፈረደባቸው በቀናት ውስጥ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1999 የተፈቱት በሽማግሌዎች አማካይነት የይቅርታ ሰነድ ፈርመው ነው። ከመካከላቸው ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ2001 ኅዳር ወር ለደጋፊዎቻቸው ስለ ይቅርታው አሰጣጥ ያደረጉት ንግግር ይቅርታውን መካድ ነው ተብሎ፣ በታኅሣሥ ወር ዳግመኛ ታሠሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው። ያ ንግግር የተደረገው ስዊድን ውስጥ ነበር። የስዊድን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይህን ሊረሳ አይችልም። የኢትዮጵያ ይቅርታ ከተሰጠ በኋላም ሊነጠቅ የሚችል መሆኑን፣ የተፈታ ሰው የአገሩን ድንበር ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ አንደበቱን መግታት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ የለም።

ጥር 1 ቀን 2004 ሁለቱ ጋዜጠኞች ይግባኝ እንደማይጠይቁ ተገለጸ። ኢትዮጵያ ረጅም የይቅርታ ባህል ያላት አገር መሆኗን፣ እነርሱም በዚያ ባህል ላይ መተማመንን እንደመረጡ አስታወቁ። አጻጻፉ ብልህ ነው። ፍርዱን ትክክል ነው አይልም፤ ስህተት ነው ብሎም ዳኞቹን አያስቀይምም፤ ክብሩን ለአገሩና ለባህሉ ሰጥቶ ለመንግሥት ሳይዋረድ የሚመለስበት መንገድ ያበጅለታል። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ የጋዜጠኝነት ሥራው ሽብር ነው ተብሎ ለተፈረደበት ፍርድ ይቅርታ ይጠይቅ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በስዊድን ያሉ አንዳንድ ባልደረቦቻቸው አዘኑ። እኔ ግን ከቃሊቲ ውጭ ሆኖ በእነርሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ቃሊቲን ያስብ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነው። የካቲት አለፈ፤ መጋቢት አለፈ፤ ትንሣኤ መጣ። ስዊድን ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። በሌላ በኩል ግን ጩኸቱ በርትቶ ነበር። ግንቦት 10 ቀን 2004 ዋሽንግተን ውስጥ በምግብ ዋስትና ስብሰባ ላይ አቶ መለስ ሲናገሩ ጋዜጠኛ አበበ ገላው ከመቀመጫው ተነሥቶ እስክንድር ነጋ ይፈታ ብሎ ጮኸባቸው። ጋዜጠኛው እስክንድር የታሠረው መስከረም 3 ቀን 2004 ነው። ሐምሌ 6 ቀን 18 ዓመት ተፈረደበት። ከእርሱ በፊት በሰኔ 2003 የተያዙት ጋዜጠኞች ውብሸት ታዬና ርዕዮት ዓለሙ 14 ዓመት ተፈርዶባቸዋል፤ የርዕዮት ፍርድ በይግባኝ ወደ 5 ዓመት ዝቅ አለ። እነዚህ ሁሉ በዚያው አዋጅ ተከሰው፣ በዚያው ቃሊቲ የታሠሩ ናቸው። የዓለም የጋዜጠኞች ድርጅቶች ሸለሟቸው፣ ስማቸውን ጠሩ። ነገር ግን ሽልማት መዝገብ አይዘጋም። በየሳምንቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደጃፍ የሚቆም፣ የሚፈልገው ነገር አንድና የታወቀ የሆነ መንግሥት አልነበራቸውም፤ የእነርሱ መንግሥት ያሠራቸው መንግሥት ነውና።

በሐምሌ አቶ መለስ ከአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ቀሩ። ታመሙ ተባለ፤ ወሬው በየቀኑ ይለዋወጥ ጀመር። ለስዊድናውያኑ ይህ ትልቅ ሥጋት ነበር። የይቅርታው ማኅተም በማን እጅ እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። ነሐሴ 10 ቀን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ አረፉ። ነሐሴ 14 ቀን አቶ መለስ ብራስልስ ውስጥ ሞቱ። ነሐሴ 27 ቀን የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ተፈጸመ። አገሩ ጥቁር ለብሶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ በአቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በተጠባባቂነት ተይዞ ዘመን መለወጫ ደረሰ።

በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ለእስረኞች ይቅርታ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2004፣ በዋዜማው፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ አቶ ብርሃን ኃይሉ ከ1,900 በላይ እስረኞች ይቅርታ እንደተደረገላቸው አስታወቁ። ሁለቱ ስዊድናውያን ከመካከላቸው ነበሩ። ውሳኔው የወጣው በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ስም ነው። ማርቲን ሺብዬና ዮሃን ፐርሰን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይተው ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ አመሰገኑ። ከአገር ከወጡ በኋላ ግን ቃሉ በነጻ ፈቃዳቸው የተነገረ እንዳልሆነ ገለጹ። በመስከረም 2005 የመጀመሪያ ቀናት ስቶክሆልም ገቡ። የእስራት ዘመናቸውን 438 ቀን ብለው ቆጠሩት፤ በኋላ የጻፉትም መጽሐፍ ርዕስ ይኸው ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ገደማ ፊልም ተሠርቶበታል።

ጊዜው የተመረጠበትን ብልሃት ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ አመራር የመጀመሪያ እርምጃው ምሕረት ሆኖ ታየ፤ በውጭ ግፊት ተንበረከከ የሚያሰኝም አልሆነ፤ ሁለቱ ሰዎች በሺህዎች መካከል ወጡ። ስዊድን ይህን እንዲህ አድርጉ ብላ ልታዝ አትችልም ነበር። ማድረግ የቻለችው ቀኑ ሲመጣ የሁለቱ ሰዎች ማመልከቻ ተሟልቶ፣ ማንንም ሳያስቆጣ፣ በቦርዱ ፊት ዝግጁ ሆኖ እንዲገኝ ነው። ቢልት በዚያ ሰሞን ሲተቹ የከረሙበትን ዝምታ ውጤቱ አስመሰገነላቸው፤ ከሉንዲን ጋር የተያያዘው ጥያቄ ግን አብሮ አልተዘጋም።

ከተፈቱ በኋላ ሁለቱ ጋዜጠኞች ዝም አላሉም፤ ዝም ለማለት ምክንያት አልቀራቸውምና። ለታሠሩና ለተሰደዱ ጋዜጠኞች የሚረዳ ፈንድ አቋቁመው በቃሊቲ ስም ሰየሙት። በየመድረኩ የውብሸትን፣ የእስክንድርንና የርዕዮትን ስም ይጠሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት አማካሪ የነበረ ሰው ከመቶ ሰዓት በላይ የሚሆን የቪዲዮ ምስል ይዞ ስዊድን ገባ። ምስሉ በስዊድን ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ጋዜጠኞቹ ስለተያዙበት ሁኔታ ለፍርድ ቤት የቀረበው ማስረጃ እንዴት እንደተቀነባበረ የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። ልደታ ላይ ያልታየው ማስረጃ በስቶክሆልም ታየ።

ርዕዮት ዓለሙ ሐምሌ 2 ቀን 2007 ተፈታች። ውብሸት ታዬና እስክንድር ነጋ እስከ የካቲት 7 ቀን 2010 ድረስ ቆዩ። ለእስክንድር ከመፈታቱ በፊት ስህተቱን የሚያምንበት ወረቀት እንዲፈርም ቀርቦለት አልፈርምም ብሎ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ስዊድናውያኑ ሊሄዱባት የቻሉት ጠባብ በር ለእርሱ የምትገባ አልነበረችም፤ እነርሱ ፈርመው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ እርሱ ፈርሞ የሚቀረው እዚሁ ነው።

ሰኔ 28 ቀን 2010 ምክር ቤቱ የኦጋዴን ነጻ አውጪ ግንባርን ከአሸባሪነት መዝገብ አነሣ። በጥቅምት 2011 ግንባሩ አሥመራ ላይ ከመንግሥት ጋር የሰላም ስምምነት ፈርሞ መሪዎቹ አገር ቤት ገቡ። ስዊድናውያኑ ደግፈውታል ተብለው 11 ዓመት የተፈረደባቸው ድርጅት ሕጋዊ የፖለቲካ ፓርቲ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 652 ራሱ በ2012 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ዳዊት ይስሐቅ፣ ያ ስዊድን ከማንም ቀድማ መለመን የጀመረችለት ሰው፣ አሁንም አልተፈታም።